የዴንማርክ ሕዝብ ፓርቲ

የዴንማርክ ሕዝብ ፓርቲ (በዴንማርክኛ፦ ዳንስክ ፎልከፓርቲ) በ1995 የተመሠረተ፣ የውጭ ዜጎች ወደ አገሪቱ መግባታቸውን አጥብቆ በመቃወም የሚታወቅ የዴንማርክ ቀኝ ዘመም ፖፑሊስት ፓርቲ ነው። ፓርቲው ከ2001 እስከ 2011 እና ከ2015 እስከ 2019 ለቀኝ ዘመም መንግሥታት ድምፁን እየሰጠ፣ በምላሹ የስደተኞች ሕግ በየጊዜው እንዲጠብቅ አድርጓል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አንድም ሚኒስትር አልነበረውም። በ2015 ምርጫ ከአገሪቱ ፓርቲዎች ሁለተኛ ሆነ፤ ከሰባት ዓመት በኋላ ግን 5 መቀመጫ ብቻ ቀረለት። ይሁንና ፓርቲው ሲዳከም ፖሊሲው አልተዳከመም። ዋና ተቃዋሚው የነበሩት ሶሻል ዴሞክራቶች ጭምር አብዛኛውን የራሳቸው አድርገውታል። በዚህም ምክንያት ዴንማርክ በአውሮፓ ስለ ፖፑሊስት ፓርቲዎች በሚደረገው ክርክር በተደጋጋሚ የምትጠቀስ አገር ሆናለች።

በዚህ መጣጥፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

== ፖፑሊዝም ሲባል ==

ፖፑሊዝም (ሕዝበኝነት) ኅብረተሰቡን በሁለት ወገን ከፍሎ የሚያይ አስተሳሰብ ነው፦ በአንድ በኩል «እውነተኛው ሕዝብ»፣ በሌላ በኩል ሕዝቡን የከዱ ናቸው የሚባሉት ልሂቃን። ፖለቲካ የዚህን ሕዝብ ፈቃድ ብቻ መፈጸም አለበት ይላል። የሆላንዱ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ካስ ሙደ ፖፑሊዝምን «ስስ» ርዕዮተ ዓለም ይለዋል፤ ብቻውን ስለማይቆም ከሌላ አስተሳሰብ ጋር ይጣመራል ማለት ነው። ከሶሻሊዝም ጋር ሲጣመር ግራ ዘመም፣ ከብሔርተኝነት ጋር ሲጣመር ቀኝ ዘመም ፖፑሊዝም ይሆናል።

በምዕራብ አውሮፓ ጎልቶ የወጣው የቀኙ ዓይነት ነው። በዚህ ዓይነቱ ከልሂቃኑ በተጨማሪ ሦስተኛ ወገን ይታከላል፦ ከውጭ የመጣው ሰው። የዴንማርክ ሕዝብ ፓርቲም ልሂቃኑ የአገሪቱን በር ከፍተው ባህሏንና የድጎማ ሥርዓቷን አደጋ ላይ ጥለዋል የሚል መከራከሪያ ይዞ ተነሣ። በኢኮኖሚ ጉዳይ ግን ከብዙ ቀኝ ዘመም ፓርቲዎች ይለያል። ለጡረተኞች፣ ለሕሙማንና ለአረጋውያን የሚሰጠው የመንግሥት ድጋፍ እንዲጨምር ይጠይቃል፤ ድጋፉ በቅድሚያ ለዴንማርካውያን መሆን አለበት ይላል።

== መነሻ ==

=== የ1983ቱ ሕግ ===

ዴንማርክ በ1960ዎቹ መጨረሻ ከቱርክ፣ ከዩጎዝላቪያና ከፓኪስታን ሠራተኞችን ተቀብላ ነበር። በ1973 የነዳጅ ቀውስ ወቅት ይህን አሠራር አቆመች፤ የሠራተኞቹ ቤተሰቦች ግን መምጣታቸውን ቀጠሉ። በ1983 የወጣው የውጭ ዜጎች ሕግ በዘመኑ በአውሮፓ ለስደተኞች እጅግ ምቹ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከኢራን፣ ከኢራቅ፣ ከሊባኖስና ከስሪላንካ፣ በ1990ዎቹ ደግሞ ከቦስኒያና ከሶማሊያ ጥገኝነት ጠያቂዎች መጡ።

ጉዳዩ የፖለቲካ ውጥረት መፍጠር የጀመረው ፓርቲው ከመመሥረቱ በፊት ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የፍትሕ ሚኒስትሩ ኤሪክ ኒን-ሀንሰን የስሪላንካ ታሚሎች ቤተሰቦቻቸውን ለማስመጣት ያቀረቡትን ማመልከቻ ከሕግ ውጭ አስቆሙ። «የታሚል ጉዳይ» የተባለው ይህ ቅሌት በጥር 1993 የጠቅላይ ሚኒስትር ፖል ሽሉተር መንግሥት ሥልጣን እንዲለቅ አደረገ። በ1995 ሚኒስትሩ ራሳቸው በልዩ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ።

=== የዕድገት ፓርቲ ===

የዴንማርክ ሕዝብ ፓርቲ የወጣው ከሌላ የተቃውሞ ፓርቲ ውስጥ ነው። የግብር ጠበቃው ሞገንስ ግሊስትሩፕ በ1971 በቴሌቪዥን ቀርቦ የገቢ ግብር እንደማይከፍል ለሕዝብ ተናገረ። በ1972 የዕድገት ፓርቲን መሠረተ። ፓርቲው በታኅሣሥ 1973 ምርጫ 15.9 በመቶ ድምፅና 28 መቀመጫ አግኝቶ በአንድ ጊዜ ከአገሪቱ ፓርቲዎች ሁለተኛ ሆነ። ግሊስትሩፕ የአገር መከላከያን አጥፍቶ በምትኩ በሩስኛ «እጅ ሰጥተናል» የሚል የስልክ መልስ ሰጪ መሣሪያ ይቀመጥ እስከ ማለት የደረሰ ሰው ነበር። በ1980ዎቹ በግብር ማጭበርበር ታሰረ፤ ከዚያ በኋላ ዋና ርዕሰ ጉዳዩ ከግብር ወደ ሙስሊም ስደተኞች ተሸጋገረ።

ፒያ ኬርስጎር ወደ ምክር ቤት የገባችው በዚሁ ፓርቲ በኩል በ1984 ነው። ከዚያ በፊት አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዳ የምትንከባከብ ሠራተኛ ነበረች። ፓርቲው በውስጥ ሽኩቻ ሲታመስ እሷ፣ ክሪስቲያን ቱልሰን ዳልና ሌሎች ሁለት የምክር ቤት አባላት ወጥተው በጥቅምት 1995 የዴንማርክ ሕዝብ ፓርቲን መሠረቱ። ከቀድሞው ፓርቲ ውድቀት በመማር አዲሱን በጥብቅ ዲሲፕሊን መሩት፤ ለፓርቲው ስም የማይመቹ አባላትንም ያባርሩ ነበር። ኬርስጎር እስከ 2012 መሪ ሆና ቆየች፤ ከ2015 እስከ 2019 ደግሞ የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ነበረች።

== የምርጫ ውጤቶች ==

የዴንማርክ ምክር ቤት (ፎልከቲንግ) 179 መቀመጫዎች አሉት። ከእነዚህ 175ቱ የዴንማርክ ሲሆኑ ግሪንላንድና ፋሮ ደሴቶች ሁለት ሁለት አላቸው። አንድ ፓርቲ መቀመጫ ለማግኘት በአብዛኛው 2 በመቶ ድምፅ ይበቃዋል። የዴንማርክ ሕዝብ ፓርቲ እስከ 2022 በተደረጉ አገር አቀፍ ምርጫዎች ያገኘው ውጤት የሚከተለው ነው፦

* 1998፦ 7.4 በመቶ፣ 13 መቀመጫ
* 2001፦ 12.0 በመቶ፣ 22 መቀመጫ
* 2005፦ 13.3 በመቶ፣ 24 መቀመጫ
* 2007፦ 13.9 በመቶ፣ 25 መቀመጫ
* 2011፦ 12.3 በመቶ፣ 22 መቀመጫ
* 2015፦ 21.1 በመቶ፣ 37 መቀመጫ
* 2019፦ 8.7 በመቶ፣ 16 መቀመጫ
* 2022፦ 2.6 በመቶ፣ 5 መቀመጫ

በ2014 የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ደግሞ 26.6 በመቶ አግኝቶ አንደኛ ወጥቶ ነበር።

የፓርቲው መራጮች በአብዛኛው ከትልልቅ ከተሞች ውጭ የሚኖሩ፣ በዕድሜ ገፋ ያሉና ረጅም ትምህርት ያልተከታተሉ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹ ቀድሞ ለሶሻል ዴሞክራቶች ድምፅ ይሰጡ የነበሩ ሠራተኞች ናቸው። ሶሻል ዴሞክራቶች በኋላ አቋማቸውን የለወጡበት አንዱ ምክንያት እነዚህን መራጮች ለመመለስ ነው።

== ያለ ሚኒስትር ሥልጣን ==

በዴንማርክ አንድ መንግሥት ለመመሥረት የምክር ቤቱን የድጋፍ ድምፅ ማግኘት አይጠበቅበትም፤ ከግማሽ በላይ የሆኑ አባላት እስካልተቃወሙት ድረስ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ከግማሽ በታች መቀመጫ ያላቸው መንግሥታት የተለመዱ ናቸው። እነዚህ መንግሥታት ሕግና በጀት ለማጽደቅ «ደጋፊ ፓርቲ» ያስፈልጋቸዋል። ደጋፊው ፓርቲ በካቢኔው ውስጥ አይቀመጥም፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ድምፅ ዋጋ ይጠይቃል።

በ1999 ሶሻል ዴሞክራቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ፖል ኒሩፕ ራስሙሰን በምክር ቤት ንግግራቸው የዴንማርክ ሕዝብ ፓርቲን፣ እንደ ጨዋ ሰው ሳሎን ለመግባት መቼም የማትበቁ ናችሁ በሚል ትርጉም ዘልፈውት ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በኅዳር 2001 ምርጫ ተሸንፈው ከሥልጣን ወረዱ። አሸናፊው የቬንስትረ ፓርቲ መሪ አንደርስ ፎግ ራስሙሰን ከወግ አጥባቂዎች ጋር መንግሥት ሲመሠርት ድጋፍ ያገኘው ከዚሁ ፓርቲ ነው።

አሠራሩ ለሁለቱም ወገን የሚመች ነበር። መንግሥቱ በጀቱን ያጸድቃል፤ ፓርቲው ደግሞ ለመንግሥት ስሕተት ተጠያቂ ሳይሆን ለአረጋውያን ተጨማሪ ገንዘብና ጠበቅ ያለ የስደተኞች ሕግ ያገኛል። ከ2015ቱ ድል በኋላ ካቢኔ እንዲገባ ቢጠበቅም፣ በወቅቱ መሪ የነበረው ቱልሰን ዳል ከመንግሥት ውጭ መቆየትን መረጠ።

== የሕግ ለውጦች ==

=== ከ2002 እስከ 2011 ===

በ2002 ከጸደቁት ለውጦች ይበልጥ የታወቀው «የ24 ዓመት ደንብ» ነው። በዚህ ደንብ መሠረት ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሆነን የትዳር ጓደኛ ወደ ዴንማርክ ለማምጣት ባልና ሚስት ሁለቱም 24 ዓመት የሞላቸው መሆን አለባቸው። በተጨማሪም ጥንዶቹ ከሌላ አገር ይልቅ ለዴንማርክ የቀረበ ትስስር እንዳላቸው ማሳየት ነበረባቸው። የደንቡ ደጋፊዎች ዓላማው ወጣቶችን ከግዳጅ ጋብቻ መጠበቅ ነው አሉ። ተቺዎች ደግሞ በፍቅር የተጋቡ ሰዎችንም ከአገራቸው ያሰድዳል አሉ። በእርግጥም ብዙ ጥንዶች በ2000 የተከፈተውን የኧረሱንድ ድልድይ ተሻግረው በስዊድኗ ማልመ ከተማ መኖር ጀመሩ፤ በአውሮፓ ኅብረት የነጻ ዝውውር መብት መሠረት ወደ ሌላ አባል አገር የሚሄድ ዜጋ የትዳር ጓደኛውን ይዞ መኖር ይችላልና።

በዚያው ዓመት ለአዲስ መጤዎች ከመደበኛው ያነሰ «የመነሻ ድጎማ» ተጀመረ። ሰዎች ድጎማው ሲያንስ ቶሎ ሥራ ይፈልጋሉ የሚል ነበር ሐሳቡ። ውጤቱን የተከታተሉ ኢኮኖሚስቶች፣ መጀመሪያ ላይ ሥራ የያዙ ስደተኞች ቁጥር እንደ ጨመረ፣ ይህ ለውጥ ግን በጊዜ ብዛት እንደ ደበዘዘ፣ የብዙ ቤተሰቦች ገቢም በጣም እንደ ቀነሰ አሳይተዋል። ድጎማው በ2012 በሄለ ቶርኒንግ-ሽሚት መንግሥት ቀረ፤ በ2015 በሌላ ስም ተመለሰ።

=== ከ2015 እስከ 2019 ===

በ2015 ወደ 21,000 የሚጠጉ ሰዎች በዴንማርክ ጥገኝነት ጠየቁ። ጎረቤቷ ስዊድን በዚያው ዓመት 163,000 ገደማ ማመልከቻ ተቀብላለች። በመስከረም ወር ወደ ስዊድን ለመሻገር በዴንማርክ አውራ ጎዳና ላይ በእግራቸው የሚጓዙ ቤተሰቦች ምስል በመላው ዓለም ታየ።

በጥር 2016 የጸደቀው ሕግ ጥገኝነት ጠያቂዎች ከ10,000 ክሮነር በላይ የሆነ ገንዘብና ውድ ንብረት ካላቸው ለመኖሪያ ወጪያቸው እንዲወረስ ፈቀደ፤ የጋብቻ ቀለበትን የመሰለ የግል ትዝታ ያለው ዕቃ አይነካም። «የጌጣጌጥ ሕግ» ተብሎ በዓለም ቢነቀፍም በተግባር የተሠራበት በጥቂት አጋጣሚዎች ብቻ ነው። ከእሱ ይልቅ በሰዎች ሕይወት ላይ የከበደው በዚያው ሕግ ውስጥ የነበረው ሌላ አንቀጽ ነው፦ ጊዜያዊ ጥበቃ ያገኘ ስደተኛ ቤተሰቡን ለማምጣት ከማመልከቱ በፊት ሦስት ዓመት መጠበቅ ግድ ሆነበት።

በ2018 ፊትን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ልብስ በአደባባይ መልበስ ተከለከለ። በዚያው ዓመት «ጌቶ» የተባሉ የመኖሪያ ሠፈሮችን የሚመለከቱ ሕጎች ወጡ። አንድን ሠፈር በዚህ ስም ለመመደብ ይታዩ ከነበሩት መለኪያዎች መካከል ከምዕራባውያን አገሮች ውጭ የመጡ ነዋሪዎችና የልጆቻቸው ቁጥር ይገኝበት ነበር። በየካቲት 2019 ደግሞ «የአስተሳሰብ ለውጥ» የተባለው ሕግ ጸደቀ። ከዚያ ወዲህ የስደተኛ መኖሪያ ፈቃድ በመርሕ ደረጃ ጊዜያዊ ነው፤ ግቡም ስደተኛው አንድ ቀን ወደ አገሩ እንዲመለስ ነው።

== የሶሻል ዴሞክራቶች አቋም መለወጥ ==

ሜቴ ፍሬደሪክሰን በ2015 የሶሻል ዴሞክራቶች መሪ ከሆነች በኋላ ፓርቲው አብዛኞቹን እነዚህን ሕጎች መደገፍ ጀመረ። መከራከሪያዋ የሚከተለው ነው፦ ስደት ሲበዛ ዋጋውን የሚከፍለው ሀብታሙ ሳይሆን በዝቅተኛ ደመወዝ የሚሠራው፣ ልጆቹን በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ሰው ነው፤ የድጎማ ሥርዓቱም ሰዎች እርስ በርስ ካልተማመኑ አይቆምም።

በ2019 ምርጫ የዴንማርክ ሕዝብ ፓርቲ ከ37 ወደ 16 መቀመጫ ወረደ፤ ፍሬደሪክሰንም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነች። ብዙዎች ይህን «የፖፑሊስቶችን ፖሊሲ መውሰድ ፖፑሊስቶችን ያሸንፋል» ለሚለው ሐሳብ ማስረጃ አድርገው ያቀርቡታል። ቁጥሮቹ ሲታዩ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። የሶሻል ዴሞክራቶች ድምፅ ከ26.3 ወደ 25.9 በመቶ በጥቂቱ ቀነሰ እንጂ አልጨመረም። ከቀኝ አንዳንድ መራጮችን ቢያገኙም ከግራ አጥተዋል፤ ጠበቅ ያለውን ፖሊሲ የሚቃወሙት የራዲካለ ፓርቲና የሶሻሊስት ሕዝብ ፓርቲ መቀመጫቸውን በእጥፍ አሳደጉ። ፍሬደሪክሰን ሥልጣን የያዘችው የግራው ጎራ በድምሩ ስላሸነፈ ነው።

በ2022 ምርጫም ተመሳሳይ ጥያቄ ይነሣል። የዴንማርክ ሕዝብ ፓርቲ 5 መቀመጫ ብቻ ሲያገኝ፣ አዲሱ የዴንማርክ ዴሞክራቶች ፓርቲ 14፣ አዲሶቹ ቡርዣዎች የተባለው ፓርቲ ደግሞ 6 አገኙ። ሦስቱ በድምሩ ከ14 በመቶ በላይ ድምፅ ነበራቸው። የመራጩ ቁጥር ከ2015 ቢያንስም፣ ከፓርቲው የሸሸው ድምፅ ከፊሉ ተመሳሳይ አቋም ወዳላቸው ሌሎች ፓርቲዎች ሄዷል ማለት ነው። ፓርቲውን ውስጣዊ ክፍፍልም ጎድቶታል። በጥር 2022 ሞርተን ሜሰርሽሚት መሪ ሆኖ ከተመረጠ በኋላ አብዛኞቹ የምክር ቤት አባላቱ ጥለውት ወጡ።

የፍሬደሪክሰን መንግሥት በ2021 ጥገኝነት ጠያቂዎችን ከአውሮፓ ውጭ ወዳለ አገር ለማዛወር የሚያስችል ሕግ አስጸድቆ ከሩዋንዳ ጋር ተነጋግሮ ነበር፤ ዕቅዱ ግን በ2023 መጀመሪያ ቆመ። ከደማስቆ አካባቢ የመጡ አንዳንድ ሶርያውያን አካባቢው ተረጋግቷል ተብሎ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ተነጠቀ። በ2022 ለሸሹ ዩክሬናውያን ግን በልዩ ሕግ ፈጣን ፈቃድ ተሰጠ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ትችት አስከትሏል።

== ትችትና የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ==

የሕጎቹ ተቺዎች የሚያነሡት ዋናው ነጥብ፣ ሕግ በፊቱ ሁሉም እኩል ነው የሚለው መርሕ ተሸርሽሯል የሚል ነው። በአንዳንድ ጉዳዮች ፍርድ ቤቶች ይህን ተቀብለዋል።

* በግንቦት 2016 የአውሮፓ ሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት፣ ለ28 ዓመት ዜጋ የሆኑትን ከትስስር መለኪያው ነጻ የሚያደርገው ደንብ በትውልድ ዴንማርካዊ ያልሆኑ ዜጎችን እንደሚያበላልጥ ወሰነ።
* በሐምሌ 2021 ይኸው ፍርድ ቤት፣ ሚስቱን ለማምጣት ሦስት ዓመት እንዲጠብቅ በተደረገ አንድ ሶርያዊ ጉዳይ ላይ ዴንማርክ የቤተሰብ ሕይወት መብትን ጥሳለች አለ።
* በታኅሣሥ 2021 የቀድሞዋ የውጭ ዜጎች ሚኒስትር ኢንገር ስቶይበርግ፣ አንደኛው ወገን ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ጥገኝነት ጠያቂ ጥንዶች ጉዳያቸው በተናጠል ሳይታይ እንዲለያዩ በማድረጓ በልዩ ፍርድ ቤት 60 ቀን እስራት ተፈረደባት። በ2022 የዴንማርክ ዴሞክራቶችን የመሠረተችው እሷ ናት።

ደጋፊዎች በበኩላቸው በ2024 በዴንማርክ ጥገኝነት የጠየቁት 2,300 ገደማ ብቻ መሆናቸውን ጠቅሰው ፖሊሲው ሠርቷል ይላሉ። ዴንማርክ ከማስትሪክት ውል በኋላ ባገኘችው ልዩ ሁኔታ ምክንያት በአውሮፓ ኅብረት የጥገኝነት ሕጎች አብዛኛው ክፍል አትታሰርም። ስለዚህ ሌሎች አባል አገሮች እንደሷ ማድረግ ቢፈልጉም እንኳ ሁሉንም መቅዳት አይችሉም።

== የምሥራቅ አፍሪቃ ስደተኞች ጉዳይ ==

ክርክሩ የአፍሪቃ ቀንድ ሰዎችንም በቀጥታ ነክቷል። በ1990ዎቹ የመጡት ሶማሌዎች በፓርቲው የመጀመሪያ ዓመታት ቅስቀሳ ተደጋግመው ይጠቀሱ ነበር። በ2014 የኤርትራውያን ማመልከቻ በድንገት ሲጨምር የዴንማርክ የኢሚግሬሽን አገልግሎት ባለሙያዎችን ወደ ኢትዮጵያና ኤርትራ ልኮ፣ በኅዳር ወር ሪፖርት አወጣ። ሪፖርቱ ከብሔራዊ አገልግሎት የሸሹ ኤርትራውያን ያለ ከባድ ቅጣት ሊመለሱ ይችላሉ የሚል አንድምታ ነበረው። በሪፖርቱ የተጠቀሱት ምሁር ፕሮፌሰር ጋይም ክብረአብ ቃላቸው ያለ አግባብ ጥቅም ላይ እንደዋለ በይፋ ተናገሩ። ከነቀፌታው በኋላ አገልግሎቱ ብዙ ኤርትራውያን ጥገኝነት ማግኘታቸውን እንደሚቀጥሉ አስታወቀ። በወቅቱ መንግሥቱን ይመሩ የነበሩት ሶሻል ዴሞክራቶች ናቸው።

== በሌሎች አገሮች ያለው ተጽዕኖ ==

ፖፑሊስት ፓርቲን ካቢኔ ሳያስገቡ ከእሱ ድጋፍ የማግኘት አሠራር በሌሎች አገሮችም ታይቷል። በሆላንድ የኺርት ቪልደርስ የነጻነት ፓርቲ ከ2010 እስከ 2012 የማርክ ሩተን መንግሥት በዚህ መንገድ ደግፏል። በስዊድን ደግሞ በ2010 በ5.7 በመቶ ወደ ምክር ቤት የገቡትና ለዓመታት ሌሎች ፓርቲዎች የሸሿቸው የስዊድን ዴሞክራቶች፣ በ2022 20.5 በመቶ አግኝተው ለመንግሥቱ ድጋፍ የሚሰጥ ውል ፈረሙ። በኦስትሪያ ግን የነጻነት ፓርቲ በ2000 በቀጥታ ወደ ጥምር መንግሥት ገብቶ ነበር። በጀርመን ዋናዎቹ ፓርቲዎች ከአማራጭ ለጀርመን ፓርቲ ጋር በፌዴራል ደረጃ መንግሥት አንመሠርትም የሚል አቋም ይዘዋል፤ ይህ ግን ፓርቲው በ2025 ምርጫ 20.8 በመቶ ከማግኘት አላገደውም።

በግንቦት 2025 ፍሬደሪክሰን ከጣሊያኗ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆርጃ ሜሎኒና ከሌሎች ሰባት መሪዎች ጋር ሆና፣ የሰብዓዊ መብቶች ስምምነት የሚተረጎምበት መንገድ እንደገና ይታይ የሚል ደብዳቤ አወጣች። በዚያው ዓመት በኅዳር የብሪታንያ የሌበር መንግሥት ከዴንማርክ ልምድ የተወሰደ የጥገኝነት ሕግ ማሻሻያ አቀረበ። በ1999 ሳሎን መግባት አይገባውም የተባለው ፓርቲ ይጠይቃቸው የነበሩ ነገሮች፣ ፓርቲው በ2022 ከምክር ቤቱ ትንንሽ ፓርቲዎች አንዱ ከሆነ በኋላም በግራ ዘመም መንግሥታት እጅ ከዴንማርክ ውጭ መሰራጨታቸውን ቀጥለዋል።